ለኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ይድረስ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም ኮምፒውተር ለምትጠግኑ፣ ዊንዶውስ ለምትጭኑና ቫይረስ ለምታጸዱ ባለሙያዎች በሙሉ።

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ሐሰተኛ ሊንክና ስለ ቫይረስ አቤቱታ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለባንክ፣ ለቴሌ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ለእናንተ የምጽፈው የአብዛኛው ሰው ኮምፒውተር የሚያልፈው በእናንተ እጅ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው የማያውቀውን ሊንክ ከፍቶ ላፕቶፑ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሲሆንበት፣ ወይም ፋይሎቹ አልከፈት ሲሉት፣ የሚደውልለት የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ የለውም። ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከቶ መገናኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ጠባብ ሱቅ ይመጣል። ሐዋሳ ወይም ደሴ ከሆነ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ወደተዳበለችው ክፍል ይሄዳል። "ቫይረስ ገብቶበታል መሰለኝ፣ እስቲ እየው" ይላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ይጠበቅ ወይም በሩ ክፍት ይቅር የሚለው እናንተ በምትሠሩት ይወሰናል።

ሥራችሁን አከብራለሁ። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ነው የምሠራው። "አልደረሰም እንዴ?" እያለ የሚደውል ደንበኛ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ፣ ዊንዶውስ እየተጫነ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ባልደረቦቼ የቤታቸውን ላፕቶፕ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ብዙዎቹ በቅርቡ ፎርማት ተደርገው የተመለሱ ናቸው። እኔ መጀመሪያ የማየው ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ነው፤ ታች በቀኝ በኩል ያለችውን የጋሻ ምልክት። እሷን ከፍታችሁ የቫይረስ መከላከያው ቅንብር ውስጥ ወደ ታች ስትወርዱ "ኤክስክሉዥን" የሚል ዝርዝር አለ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው ዲፌንደር እንዳይፈትሻቸው የታዘዘባቸው ፋይሎችና ፎልደሮች የሚመዘገቡበት ቦታ ነው። በአንድ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነበር ያለው። ሲ ድራይቭ። ሙሉው። ጋሻዋ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ባለቤቷም "አንቲቫይረሱ ይሠራል" ብላ ታምናለች። ግን ዊንዶውሱ ያለበት፣ ዶክመንቶቿ ያሉበት፣ ከኢንተርኔት የምታወርደው ሁሉ የሚቀመጥበት ድራይቭ ጨርሶ አይፈተሽም። ይህች ሴት ቴሌግራም ላይ የመጣላትን ማንኛውንም ፋይል ብትከፍት የሚያስቆመው ነገር የለም፤ የሚያስቆም ነገር እንደሌለም አታውቅም።

ለምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ዊንዶውሱን ወይም ኦፊሱን ያለ ላይሰንስ፣ የተገዛ አስመስሎ አክቲቬት የሚያደርገውን ክራክ ዲፌንደር ስለሚያጠፋው ነው። ክራኩ እንዳይጠፋ ዲፌንደሩ ይዘጋል፣ ወይም ድራይቩ በሙሉ ከፍተሻ ይወጣል። "ዲፌንደር ክራክ ስለሆነ ብቻ ነው ቫይረስ የሚለው" የሚባለውንም ሰምቻለሁ። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሌቦቹም ይህን አባባል ማወቃቸው ነው። ሰው በገዛ እጁ መከላከያውን አጥፍቶ፣ "አድሚን" ፈቃድ ሰጥቶ የሚጭነው ፕሮግራም ካለ፣ ቫይረስ ለመደበቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል?

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሬድ ካናሪ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ ኬኤምኤስ ፒኮ የሚባለውን የዊንዶውስ ክራክ መስለው በሚወርዱ ጫኚዎች ውስጥ ክሪፕትቦት የሚባል ፓስወርድ ሰራቂ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ተጠቃሚው ዊንዶውሱ አክቲቬት ይሆንለታል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከጀርባ ግን ብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀመጠው ሁሉ ይወሰዳል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሳንድዎርም የተባለው፣ ከሩሲያ ወታደራዊ የስለላ ድርጅት ጋር የተያያዘው ቡድን የዩክሬን ተጠቃሚዎችን ያጠቃው በዚሁ መንገድ እንደሆነ ተዘገበ፤ የኬኤምኤስ ክራክ አስመስሎ የስለላ ፕሮግራም በማሰራጨት። እንደዚያ ያለ ቡድን ይህን መንገድ የመረጠው ስለሚሠራ ነው። እናንተ ጋ ፍላሽ ላይ ያለችው ክራክ ከየት እንደመጣች እርግጠኛ ናችሁ? ከቴሌግራም ቻናል የወረደች፣ ከዚያ ከጓደኛ ለጓደኛ የዞረች ከሆነች፣ ውስጧ ምን እንዳለ እናንተም አታውቁም።

"ታዲያ ምን እናድርግ? ደንበኛው ላይሰንስ አይገዛም" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አይገዛም። ግን ስንቱ ደንበኛ የከፈለበት ላይሰንስ እንዳለው ሳያውቅ ክራክ እንደሚጫንበት አስቡት። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ ላፕቶፖች የምርት ቁልፉ ማዘርቦርዳቸው ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ከዱባይ የመጣውም፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከውም አብዛኛው እንደዚያ ነው። ከማይክሮሶፍት በነጻ በሚወርደው መጫኛ፣ ላፕቶፑ የተሸጠበትን ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ "ሆም" የሚባለውን፣ ብትጭኑበት ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ምንም ክራክ አያስፈልገውም። ብዙ ቤቶች ግን ለሁሉም "ፕሮ" ይጭኑና ቁልፉ አልገጥም ሲል ክራክ ያስገባሉ። የሰውየው ሕጋዊ ላይሰንስ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ።

ላይሰንስ የሌለው ኮምፒውተር ቢሆንስ? አክቲቬት ሳታደርጉ ተዉት። ዊንዶውስ አክቲቬት ባይደረግም ይሠራል። ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ የጀርባ ሥዕል ከቅንብር መቀየር ይከለክላል፤ ዲፌንደሩም የደኅንነት አፕዴቱም ግን ይሠራሉ። ለደንበኛው በግልጽ ንገሩት፤ "ይቺ ጽሑፍ ጥግ ላይ ትታያለች፣ ክራክ ከምጭንብህ እሷን ብትታገሥ ይሻልሃል" በሉት። ኦፊስም ቢሆን ሊብሬኦፊስ በነጻ አለ፤ በአማርኛ ደብዳቤ ለመጻፍና የወጪ ሠንጠረዥ ለመሥራት ከበቂ በላይ ነው። አንዳንዱ አልፈልግም ይላል፣ ምርጫው ነው። ሳይጠየቅ ግን አይወሰንበት።

አፕዴትን ማጥፋትም ሌላ ነገር ነው። ይህን የምታደርጉበት ምክንያት እንኳን ይገባኛል፤ የሰው የሞባይል ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ስለሚያልቅ "አፕዴቱን አጥፋልኝ" ብሎ የሚለምነው ደንበኛው ራሱ ነው። ግን አገልግሎቱን ከሥሩ ዘግታችሁ ስትሰጡት ለዓመታት እንደዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የብሪታኒያ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። ከማጥፋት ይልቅ ዋይፋዩን "ሚተርድ ኮኔክሽን" (ዳታው የሚቆጠር መስመር) ብላችሁ መዝግቡለት፤ ዊንዶውስ ያኔ ዳታ ይቆጥባል። ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ በሱቁ ኢንተርኔት የቀሩትን አፕዴቶች ጫኑለት። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። ዋጋ ጨምሩበት። ሰው ምን እንደተሠራለት ከተነገረው ይከፍላል።

እዚህ ላይ ዊንዶውስ 10ን ላንሳ። መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት ፕሮግራም አለ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የቅንብር ባካፕን ማብራት ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ክፍያ ሳያስፈልግ። ይህን ለደንበኛ የሚነግር ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ማሽኑ 11ን የማይችል ከሆነና ባለቤቱ የሚፈልገው ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ጽሑፍ መጻፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ በነጻ የሚገኘውን ኡቡንቱ ወይም ሚንት ሊኑክስ ጭናችሁ አሳዩት። የአማርኛ ኪቦርድም አላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እሱም ፎርማት ነው።

እናንተ ዘንድ ለሁሉም ችግር መድኃኒቱ ፎርማት ሆኗል። ዘገየ፣ ፎርማት። ማስታወቂያ አበዛ፣ ፎርማት። "ሃክ ተደረግሁ" አለ፣ ፎርማት። ኮምፒውተሩ እውነት ቫይረስ ከገባበት ፎርማቱ ማሽኑን ያጸዳዋል፤ ይህን አልክድም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ዛሬ በብዛት የሚዞሩት ሰራቂ ፕሮግራሞች ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁ አይደሉም። ገብተው በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈልጉትን ወስደው ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የሚወስዱት ክሮምና ኤጅ ላይ የተቀመጠውን ፓስወርድ ሁሉ፣ ኩኪዎቹን፣ የዴስክቶፕ ቴሌግራሙን የመግቢያ ፎልደር፣ ካለም የክሪፕቶ ዋሌቱን ነው። ሉማ የሚባለው አንዱ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2025 ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ሁለት ወራት ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን መበከሉን ማይክሮሶፍት ተናግሯል።

ኩኪውን በተለይ ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው ጂሜሉ ውስጥ አንዴ ከገባ በኋላ ብሮውዘሩ "ይህ ሰው ገብቷል" የሚል ማስረጃ ያስቀምጣል። ሌባው ያንን ማስረጃ ከወሰደ ፓስወርድም አይጠየቅ፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድም አይጠየቅ፤ ዝም ብሎ ይገባል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተወሰደ በኋላ ላፕቶፑን ፎርማት አድርጋችሁ "አለቀ፣ ጸድቷል" ብላችሁ ስትሰጡት፣ ሌባ ቁልፍ ይዞ ከሄደ በኋላ ቤቱን ጠርጎ እንደ ማስረከብ ነው። ሰውየው ተረጋግቶ ይሄዳል። የተሰረቀው ፓስወርድ ግን እንደተሰረቀ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ባልደረባዬ ከአክስቷ ልጅ አካውንት ቴሌግራም ላይ መልእክት መጣላት፤ "የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፣ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ" የሚል፣ ከሥሩ ሊንክ። ላፕቶፗ ላይ ነው የከፈተችው። የልጆች ፎቶ ያለበት ገጽ መጣ፣ ድምፅ ለመስጠት በቴሌግራም ግቢ አላት፣ ስልክ ቁጥሯን አስገባች፣ ወዲያው ቴሌግራም ላይ ባለ 5 አኃዝ ኮድ መጣላት፣ እሱንም አስገባች። ገጹ "እናመሰግናለን" ብሎ ተዘጋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሪያድ ያለችው እህቷ ደወለች፤ "ሆስፒታል ነኝ ብለሽ ብር ላኪልኝ ያልሽው ምን ሆነሽ ነው?" ብላ እያለቀሰች።

ይህች ልጅ ያደረገችው ነገር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ላፕቶፗን ይዛ ጥገና ቤት ሮጠች። እዚያም ያለው ባለሙያ ምን እንደተፈጠረ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቃት "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ያስፈልገዋል፣ ነገ ነይ" አላት። የሁለት ዓመት ፎቶዋ ዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ እሱም አብሮ ሄደ። ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም ቫይረስ አልነበረበትም! የተሰረቀው የቴሌግራም አካውንቷ ነው፤ ሌባው የገባውም በራሱ መሣሪያ ነው። እሷ ጋ ገና አካውንቱ ስልኳ ላይ ክፍት ነበር። ቅንብር ውስጥ "ዲቫይስ" የሚለውን ብትከፍት የማታውቀው መሣሪያ ተዘርዝሮ ታገኘው ነበር፤ "ሌሎቹን በሙሉ አስወጣ" የሚለውን ብትጫን ወዲያው ይወጣ ነበር። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን እንዲያስወጣ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አይፈቅድለትም። ይህ ሕግ የተቀመጠው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ባለቤቱ ያን ቀን ይበልጣል፤ በማግስቱ ግን ሌባውም እኩል ይሆናል። እሷ ያን ቀን ላፕቶፑ ፎርማት እስኪሆን ጠብቃ አሳለፈችው። በማግስቱ ከገዛ አካውንቷ ተባረረች።

ባለሙያው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማንም "መጀመሪያ ጠይቅ" ብሎ ስላላስተማረው ነው። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፦ "ከዚህ በፊት ምን ከፈትሽ፣ ምን አስገባሽ?" መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። ወይ አንድ ገጽ ላይ ፓስወርድ ወይም ኮድ ጽፋለች፤ ያኔ ችግሩ አካውንቷ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩን መንካት አያስፈልግም። ወይ ፋይል አውርዳ ከፍታለች፤ ያኔ ችግሩ ኮምፒውተሩም አካውንቱም ነው። ወይ ሊንኩን ከፍታ ምንም ሳትነካ ዘግታዋለች፤ ያኔ ብሮውዘሯ አፕዴት የተደረገ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የከፋ ነገር የለም፣ ፈትሻችሁ አረጋግታችሁ ሸኟት።

በቅርብ ጊዜ የመጣ አንድ ሌላ ዘዴ አለ፣ እሱንም ጠይቁ። ገጹ "ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ" ይላል። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫን፣ ኮንትሮልና ቪ ተጫን፣ ኢንተር በል ይላል። ሰው እንደታዘዘው ያደርጋል። ገጹ ግን ሳይታይ ትእዛዝ ኮፒ አድርጎለት ስለነበር፣ ሰውየው በገዛ ጣቱ ሰራቂውን ፕሮግራም አስወረደው ማለት ነው። ምንም ፋይል ስላላወረደ "ኧረ ምንም አልጫንኩም" ይላችኋል፣ እውነቱን ነው የሚመስለው። ለምታገኙት ደንበኛ ሁሉ ንገሩልኝ፦ የትኛውም ትክክለኛ ድረ ገጽ እንደዚያ አድርግ አይልም።

"ቪዲዮውን ለማየት ይህን አፕዴት ጫን" የሚለው ደግሞ ለእኛ ሕዝብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ዘገባ በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት ተቃዋሚዎችና ሌሎችም በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው እንደነበር ገልጿል። ሊንኩ የቪዲዮ ገጽ ይመስላል፣ "ፍላሽ ፕሌየርህን አፕዴት አድርግ" ይላል፣ የሚወርደው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ፍላሽ ፕሌየር ራሱ የለም፤ ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ ተዘግቷል። ዘዴው ግን ስሙን እየቀየረ አለ።

ፋይል ተከፍቶ ከሆነ፣ ፎርማቱ ይሁን። ግን ከፎርማቱ በፊት የሰውን ፎቶና ዶክመንት አውጡለት፤ ፕሮግራም የሆነውን ፋይል ግን አታውጡ። ከዚያ ላፕቶፑ እናንተ ጋ እያለ ሰውየው በስልኩ ፓስወርዶቹን መቀየር ይጀምር። ከኢሜይሉ ይነሣ፣ ምክንያቱም የሌላውን ሁሉ ፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ የሚመጣው ኢሜይሉ ላይ ነው። ጂሜል ላይ "የእኔ መሣሪያዎች" ውስጥ ገብቶ ሌሎቹን ያስወጣ፤ ኩኪው ዋጋ የሚያጣው ያኔ ነው። ቀጥሎ የባንኩን፣ ከዚያ ፌስቡኩንና ቴሌግራሙን። ባንኩ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ባንኩ ጋ ይደውል፤ በሊንክ በመጣለት ቁጥር ሳይሆን ካርዱ ላይ በተጻፈው። ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ ለሰውየው ግን ከፎርማቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ፋይሎቹ አልከፈት ብለውት፣ በየፎልደሩ "ሪድሚ" የሚል ጽሑፍ ተቀምጦ የመጣ ደንበኛ ደግሞ ሌላ ነው። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዋነኛነት የሚሰራጨው በክራክ ነው። 980 ዶላር ይጠይቃል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን 490 እናደርግላችኋለን ይላል። ከፋይሎቹ ጎን ለጎን ብዙ ጊዜ ፓስወርድ ሰራቂም ይጭናል፣ ስለዚህ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል። እባካችሁ የተቆለፉትን ፋይሎች "ሞተዋል" ብላችሁ አታጥፏቸው። ኤምሲሶፍት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች በነጻ የሚፈታ መሣሪያ አለው። ኖ ሞር ራንሰም የሚባለውን ድረ ገጽም የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚሁ ነው የከፈቱት። ዛሬ ባይፈታ ሌላ ጊዜ ቁልፍ ሊወጣ ይችላል። ፋይሎቹን ከነሪድሚው በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ለባለቤቱ ስጡት። የዲግሪ ማሟያ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ ያለ ተማሪ ስንት አለ!

ስለ ፍላሻችሁም ላንሳ። ሱቃችሁ ውስጥ አንዲት ፍላሽ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ትዞራለች። ፎልደሩን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ እስካሁን አገር ምድሩን የሚዞረው እንዲህ ነው። ዋናውን ፎልደር ይደብቀዋል፣ በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ሰው ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱም ይነሣል ፎልደሩም ይከፈታል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። መጻፍን የሚከለክል ቁልፍ ያላት ፍላሽ ካገኛችሁ ለመጫኛ እሷን ተጠቀሙ፤ ካልተገኘች የደንበኛ ማሽን ላይ የተሰካችውን ፍላሽ ሳትፈትሹ ሌላ ማሽን ላይ አትሰኩ። የኤክስቴንሽን ስምም አብሩላቸው፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ "ቪው" ውስጥ አንድ ምልክት ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ሲመጣ የፋይሉን መጨረሻ ስለሚደብቅ "ደረሰኝ ፒዲኤፍ" የሚመስለው ነገር ከኋላው "ኢኤክስኢ" የሚል የፕሮግራም ምልክት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው የፍቅር ደብዳቤ ቫይረስ የተጠቀመው ይህንኑ ነው፤ የጽሑፍ ፋይል መስሎ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ፣ አሁንም ያው ነው።

ሊንክ የሚያጠራጥራችሁ ከሆነ በብዙ አንቲቫይረሶች በሚፈትሸው ቫይረስቶታል የተባለ ድረ ገጽ ላይ ለጥፋችሁ ፈትሹት፤ ደንበኛውንም አሳዩት። የደንበኛን የግል ዶክመንት ግን እዚያ አትጫኑ፤ የተጫነ ፋይል ለሌሎች የደኅንነት ኩባንያዎች ይጋራል።

አንድ ሳልለው ማለፍ የማልችለው ነገር። ጥገና ቤት መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ላፕቶፖች ጀርባ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አይቻለሁ፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ ፓስወርድ። መንገደኛ ሁሉ የሚያየው። የብዙ ሰው ፓስወርድ ለሁሉም ነገር አንድ ነው፤ የላፕቶፑ መግቢያ የኢሜይሉም ሊሆን ይችላል። የሰው ፓስወርድ ካስፈለጋችሁ ሲሰጣችሁ ጊዜያዊ እንዲያደርገው ንገሩት፣ ሲወስድ ይቀይረው፣ ወረቀቱም መዝገባችሁ ውስጥ ይሁን።

"ይህን ሁሉ ካደረግን ደንበኛ ጎረቤት ሱቅ ሄዶ በርካሽ ያስጭናል" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የተወሰነው ይሄዳል። ግን ያ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ በሌላ ቫይረስ ተመልሶ ሲመጣ፣ ዋጋ ብቻ ስለሚያወዳድር የሚመጣው ወደ ርካሹ ነው። በእናንተ ቤት ምን እንደተሠራለት አውቆ የሄደው ግን እናቱንም ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። እኔ ራሴ ሰው "የት ላስጠግን?" ሲለኝ የማሳየው ቤት የለኝም። ሲ ድራይቭ ከፍተሻ እንደማይወጣበት እርግጠኛ የምሆንበት ቤት አላገኘሁም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ላፕቶፑን ስታስረክቡ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ደንበኛው ፊት ከፍታችሁ ኤክስክሉዥኑ ባዶ መሆኑን አሳዩት። ደረሰኙ ላይ ምን እንደጫናችሁ፣ አክቲቬት መሆን አለመሆኑን፣ አፕዴቱ የበራ መሆኑን ጻፉለት። ይህን የምትሠሩ ከሆናችሁ ወይም ለመጀመር ከፈለጋችሁ፣ የት ከተማ እንዳላችሁ ጻፉልኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ከሰኞ ጀምሮ ሰው እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በአዲስ አበባ በኮምፒውተር ድጋፍ ሥራ ላይ ያለ የሙያ ወንድማችሁ